የዘፈኑ ባለቤት ማነው?

ከየዘመኑ አንድ ዘፈን ምረጥ ብባል ከ1960ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ»፣ ከ1980ዎቹ የአስቴር አወቀን «ካቡ»፣ ከ1990ዎቹ ደግሞ የቴዲ አፍሮን «ያስተሰርያል» እላለሁ። ልብ በሉ፤ የጠራሁት ድምፃውያኑን ብቻ ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ አይቆጥርም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ነው፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ድምፃዊውና የድምፅ ቅጂው አዘጋጅ ያላቸው «ተዛማጅ መብት» የሚባለው ነው። ደራሲ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ የሞራል መብትም አለው።

ሕግ የተማርኩት እኔ ስንት ዓመት ካሴት ሳገላብጥ የደራሲዎቹን ስም ልብ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ስሙ የማይነሳን ሰው ድርሻ ማን ያስታውስለታል? እንግዲህ ዘፈን ስንጋባበዝ «የማን ግጥም ነው? ዜማውስ?» ማለትን እንልመድ። ክፍያው የሚጀምረው ከስም ነውና።