«ኦክታቴውኮስ» ምን ማለት ነው?

የግዕዝ ብራናዎች በሚገኙባቸው ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ውስጥ «ኦሪት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ «ኦክታቴውኮስ» የሚል እንግዳ ስም ያጋጥመዋል። መጽሐፉ ሌላ አይደለም። ቄሶቻችን የሚያነቡት ያው ኦሪት ነው።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ኦክቶ» ስምንት ማለት ሲሆን «ቴውኮስ» መጀመሪያ ዕቃ ወይም መሣሪያ ማለት ነበር። ቆይቶ ጥቅል መጽሐፍ የሚከተትበት ማኅደር በዚህ ስም ተጠራ፤ በመጨረሻም ስሙ ከማኅደሩ ወደ መጽሐፉ ተላለፈ። በአገር ቤት የቆዳውን ማኅደር በትከሻ አንግቶ የሄደ ሰው ይህ አይከብደውም። እንግዲህ «ኦክታቴውኮስ» ስምንት ክፍል ያለው መጽሐፍ ነው፤ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት፣ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት።

ይህ ቁጥር በየቤቱ ክርክር ያስነሳል። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ቶራ አምስት ነው» ሲል አያቱ «ኦሪት ስምንት ነው» ይላሉ። ልጁም አያቱ የተሳሳቱ ይመስለዋል። አልተሳሳቱም። በዕብራይስጡ አከፋፈል ኢያሱና መሳፍንት ከነቢያት ጋር፣ ሩት ደግሞ ከጽሑፎች ጋር፣ ከአምስቱ መጊሎት አንዷ ሆና ትቆጠራለች። በግሪኩ ግን ታሪኳ በመሳፍንት ዘመን የሆነ ስለሆነ ሩት መሳፍንትን ተከትላ ትመጣለች። የግዕዙ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን የተተረጎመው ከግሪክ ነውና ቅደም ተከተሉን ይዞ መጣ። የሚገርመው ግን «ኦሪት» የሚለው ስም ራሱ ግሪክ አይደለም፤ ቶራ ማለት ከሆነው «ኦራይታ» ከሚለው የአራማይስጥ ቃል የመጣ ነው። አባቶቻችን ስሙን በአራማይስጥ ጠርተው መጻሕፍቱን በግሪክ ሥርዓት ቆጠሩ ማለት ነው።

የየመጽሐፉ ስምም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጡ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ባለ ቃል ይጠራል፤ በሬሺት፣ ሽሞት፣ ቫይክራ እያለ። ግዕዙ እንደ ግሪኩ በጉዳዩ ይጠራል፤ ዘልደት፣ ዘጸአት፣ ዘሌዋውያን። «ዘዳግም» ደግሞ የግሪኩ «ዴውቴሮኖሚዮን»፣ ማለትም ሁለተኛ ሕግ፣ ትርጉም ነው። ግሪኮቹ ይህን ያገኙት በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 17 ቁጥር 18 ካለው «ሚሽኔ ሃቶራ» ነው። በዚያ ቦታ ንግግሩ ንጉሡ ለራሱ ስለሚጽፈው የሕግ ግልባጭ እንጂ ስለ ሌላ አዲስ ሕግ አይደለም። ሆኖም ረቢዎችም መጽሐፉን «ሚሽኔ ቶራ» ብለው ስለጠሩት ስሙ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

በምሁራን ዘንድ «ኦክታቴውኮስ» የሚለው ስም የጸናው በተለይ ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ የግዕዙን ኦሪት በላይፕሲግ በዚህ ስም ካሳተመ ወዲህ ነው።

ስለዚህ በቤቱ የብራና ኦሪት ያለው ቤተሰብ መጽሐፉን ሲያስመዘግብ ሁለቱንም ስሞች እንዲያጽፍ እንመክራለን። «ኦሪት» ለልጆቹ፣ «ኦክታቴውኮስ» ለተመራማሪው ይሆናል። ከማስመዝገቡም በፊት የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ገልጦ ሩት መኖሯን ይመልከት፤ ዳርና ዳር ያሉ ቅጠሎች ቀድመው የሚወድቁ ናቸውና።