ስልኩ የሠራተኛው፣ ሥራው የድርጅቱ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ሥራ ሲቀጠር ድርጅቱ ወንበርና ጠረጴዛ ያዘጋጅለታል፤ እንደ ሥራው ዓይነትም ኮምፒውተር ይሰጠዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበትን ዕቃ ግን ይዞት የሚመጣው ከቤቱ ነው። ስልኩን በራሱ ወይም በቤተሰቡ ገንዘብ ገዝቶታል፤ ጥቅል የሚሞላው እሱ ነው፤ ስክሪኑ ቢሰነጠቅ የሚያሠራውም እሱ ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩን ይቀበልና የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የግል ስልኩ የሥራ ስልክ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ በቅጥር ውሉ ላይ የሰፈረ አንድም መስመር የለም።

የምሠራው በአንድ የፍጆታ ዕቃዎች አከፋፋይ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ፣ ውል አስፈርማለሁ፣ ሠራተኛ ሲለቅም ለምን እንደለቀቀ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ አዲስ ገቢዎቻችን በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው። ስለነሱ በየስብሰባው አንድ ቅሬታ እሰማለሁ፤ «የዘንድሮ ልጆች ስልካቸው ላይ ተተክለው ነው የሚውሉት፤ ሥራ አይወዱም» ይባላል። ይህን አልቀበለውም። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚውሉት ሥራውን እዚያ ላይ ስላስቀመጥንላቸው ነው።

የአንድ የሽያጭ ሠራተኛችንን ውሎ ልንገራችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሳሪስ ወይም ጀሞ ካለው የመጀመሪያ ሱቅ ደጃፍ ሆኖ ሎኬሽኑን ለግሩፑ ይልካል፤ የመግቢያ ፊርማው ይህ ነው። ገብቶ መደርደሪያውን ፎቶ ያነሳል፤ የኛ ዕቃ የተቀመጠው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ስንት ካርቶን ቀርቷል? ባለሱቁ ሲያዝ ትዕዛዙን ጽፎ ለመጋዘን ይልካል፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለሒሳብ ክፍል ያስተላልፋል። ክፍያውም ያው በስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከተጀመረ፣ ኤምፔሳም በ2015 ነሐሴ ከተከተለ ወዲህ፣ የባንኮቹ መተግበሪያዎች ተጨምረውበት፣ እኛ ጋ ጥሬ ብር ቆጥሮ የሚያስረክብ ደንበኛ እያነሰ መጥቷል። ባለሱቁ «ልኬልሃለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ያሳያል። ልጁ ስክሪንሾት በቀላሉ እንደሚቀነባበር ያውቃል። ስለዚህ ዕቃውን ከመኪና ሳያወርድ ሒሳብ ክፍል ላለችው ባልደረባው «ገብቷል?» ብሎ ይጽፍላታል፤ «ገብቷል» እስክትለው ንቅንቅ አይልም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይህች ጥያቄና መልስ ትረዝማለች። ባለሱቁ «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ይቆጣል፣ መንገድ የተዘጋበት ሹፌር ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል፣ ልጁ ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ኔትወርክ ይፈልጋል። 9 ሰዓት ሲሆን ባትሪው ያልቃል። ፓወር ባንኩንም የገዛው ራሱ ነው።

በዚህ መሀል በመኪና የሚያልፍ አለቃ ቢያየው «ስልክ ሲነካካ አገኘሁት» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ደርሶ ያውቃል።

ወጪውን በተመለከተ፣ በብዙ ድርጅት የስልክ አበል አለ፤ በድሮው አጠራር «የካርድ» የምንለው። የሚከፈለው ግን በማዕረግ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያገኛል፣ የመምሪያ ኃላፊው ያገኛል፤ ቀኑን ሙሉ ፎቶና ሎኬሽን የሚልከው ልጅ አያገኝም። ልማዱ የመጣው ሥራ ማለት መደወል ከነበረበት፣ ብዙ የሚደውለውም አለቃው ከነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ዳታውን የሚጨርሰው ከታች ያለው ሠራተኛ ነው። ለጀማሪ ደመወዝ የወር ጥቅል ትንሽ ወጪ አይደለም። ስልኩ ራሱም ቢሆን፣ በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገና ብሩ ከወደቀ በኋላ፣ አንድ ደህና ስልክ መተካት ለነዚህ ልጆች ከወር ደመወዝ በላይ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፣ ውሉ በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ የሚያቀርበው አሠሪው መሆኑን ይደነግጋል። ለፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ፣ ለመጋዘን ሠራተኛው ጓንት የምናቀርበው በዚህ መሠረት ነው። ለሽያጭ ሠራተኛው ስልኩ ከጓንት በምን ያንሳል?

ከብሩ ይልቅ ልጆቹን የሚያስመርራቸው ግን ምሽቱ ነው። ባለፈው ቅጥር ለሒሳብ ረዳትነት የተወዳደረች አንዲት ልጅ፣ «ጥያቄ ካለሽ ጠይቂ» ስላት ስለ ደመወዝ አላነሳችም። «ግሩፑ ላይ እስከ ስንት ሰዓት መልስ እንድንሰጥ ይጠበቃል?» አለችኝ። አብሮኝ ይፈትን የነበረው ባልደረባዬ ልጅቷ እንደወጣች «ገና ሳትገባ ሰዓት መቁጠር ጀመረች» አለ። እኔ ጥያቄዋን የወሰድኩት እንደ ጥሩ የሒሳብ ሰው ጥያቄ ነው፤ ከመፈረሟ በፊት ግዴታዋን ማወቅ ፈልጋለች። ጥሩ ነጥብ ሰጠኋት፤ ተቀጠረችም።

ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፍም። የትርፍ ሰዓት ሥራም ከመደበኛው ተጨማሪ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ከሦስት አራተኛ። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። አሁን ማታ 3 ሰዓት ላይ «የዛሬው የሽያጭ ሪፖርት የታለ?» የሚል መልእክት ግሩፑ ላይ ሲወጣ አስቡት። ልጅቷ እራቷን ትታ፣ ከየሱቁ የመጡትን ቁጥሮች ደምራ፣ ሠንጠረዥ ሠርታ የምትልክበት ጊዜ ሥራ ካልሆነ ምን ይባላል? በፊርማ መዝገብ ላይ ስለሌለ ግን ማንም አይቆጥረውም። እሷ ትቆጥረዋለች። የለቀቁ ልጆችን ሳነጋግር ከደመወዝ ቀጥሎ የሚያነሱልኝ ይህንኑ ነው። አንዳንዶቹ መጨረሻ የታዩበት ሰዓት እንዳይታወቅ ቴሌግራማቸው ላይ ደብቀውታል፤ ሌሎቹ ለሥራ ብቻ ሁለተኛ ሲም ካርድ አውጥተው ማታ ማታ ያጠፉታል። ይህም ከኪሳቸው ነው።

ምሽታቸውን የሚፈልጉት ለመዝናናት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ የማታ ተማሪዎች ናቸው። ሌሎቹ በዚያው ስልክ ይማራሉ፤ በ2016 ሐምሌ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከሥራ በኋላ የሚከታተሉ ልጆች የኔው ክፍል ውስጥ አሉ። የዳታ ሳይንስ መግቢያውን ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ያሳየችኝ ልጅ ዛሬ የመጋዘን ሪፖርታችንን አሠራር ቀይራዋለች። የወሰድንባትን ምሽት ብንመልስላት የምንጠቀመው እኛ ነን።

ሌሎች አገሮች ይህን በሕግ ይዘውታል። ፈረንሳይ በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለሚደረግ ግንኙነት ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ አዘዘች። አውስትራሊያም በ2024 ኦገስት፣ እምቢታው ምክንያታዊ ካልሆነ በቀር ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚመጣ ጥሪና መልእክት መልስ ያለመስጠት መብት እንዲኖረው አደረገች። እኛ ዘንድ የተለየ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ማታ ሐሳብ የመጣለት አለቃ ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ጽፎ የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርጎ ይያዘው፤ መልእክቱ የሚደርስበትን ሰዓት የሚያስመርጥ አማራጭ ይመጣል። ለነገ ጠዋት ሥራ መጀመሪያ አድርጎት ይተኛ። ሐሳቡ አይጠፋበትም፣ የማንም እራት አይረበሽም።

ልጆቹ ከሥራ ቦታ የሚጠብቁት ሌላ ነገር ቅልጥፍና ነው። ቤት ኪራይ በስልክ ከፍለው፣ ነዳጅ በስልክ ቀድተው፣ ለእናታቸው ብር በስልክ ልከው ይመጡና፣ የሦስት ቀን ዓመት ፈቃድ ለመጠየቅ ፎርም በሁለት ኮፒ ሞልተው ከቢሮ ቢሮ ፊርማ ሲለቅሙ ይውላሉ። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ከሆነ ነገ ይመለሳሉ። «ለምንድነው በስልክ የማይሆነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው በቂ ምክንያት የለኝም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ደግሞ ቁጥር 1205/2012 ሆኖ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አገሪቱ በሕግ የፈቀደችውን ብዙ ቢሮ ገና አልፈቀደም።

አነጋገራችንም ይለያያል። በኔ ዕድሜ ያለ ኃላፊ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ቮይስ ይልካል፤ ዋናው ትዕዛዝ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ የተጨናነቀ ልጅ ይህን እንዴት ብሎ ያዳምጠው? ልጁ በበኩሉ «እሺ» ለማለት የአውራ ጣት ምልክት ይልካል፤ ኃላፊው እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ይህ ተነጋግረን የምንጨርሰው ጉዳይ ነውና ብዙ አልቆይበትም።

የሚያሳስበኝ የግል መረጃ ነው። ታሞ የቀረ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃውን ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ እንዲለጥፍ የሚደረግባቸው ቦታዎች አሉ። አንዲት ልጅ ምን እንዳመማት መላው የሥራ ባልደረባ ያነባል ማለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ነውር ነው። ማስረጃው ለሰው ሀብት ክፍል በግል ይላክ፣ ከዚያ አይለፍ። በሌላው ወገንም የደንበኞቻችን ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና ዕዳ ሁሉ በልጆቹ የግል ስልክ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ መታወቂያና ቁልፍ እንረከባለን፤ እነዚያን ፎቶዎች ግን ማንም አያስጠፋም። ስልኩ ቢሰረቅስ? ድርጅቱ በራሱ ስልክና በራሱ ቁጥር ቢያሠራ ይህ ሁሉ ሥጋት ግማሹ ይቀል ነበር። መተግበሪያው ራሱም ሊቆም ይችላል፤ በ2015 የካቲት ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል በቆዩበት ጊዜ፣ ሥራውን ሁሉ አንድ መተግበሪያ ላይ የጫነ ድርጅት ምን እንደሚገጥመው አይተናል። ያን ጊዜ ቪፒኤን ፈልገው፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ትዕዛዝ ተቀብለው ሥራውን ያቆዩት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ከልጆቹ ጋር የማልስማማበትም አለ። ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ስክሪን ማየት አይገባም። ገንዘብ ተቀባይ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ ከፊቷ በዕድሜ የገፉ ሰው ቆመው፣ አንገቷን ሳታቀና «እሺ አባባ» ስትል አይቼ ተቆጥቻታለሁ፤ ዛሬም እቆጣለሁ። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳ ቲክቶክ የሚከፍት ሰው ደግሞ ራሱንም ባልደረባውንም ሊገድል ይችላል፤ እዚያ ስልክ መከልከል አለበት፣ ይግባኝም የለውም። ለክልከላው ምክንያቱ ሲነገራቸው ግን ልጆቹ ይቀበላሉ። የሚያምፁት ቀን «ስልክ አስቀምጡ» ብሎ ማታ «ለምን አላነሣችሁም?» የሚል አለቃ ሲገጥማቸው ነው።

ስለዚህ አሠሪዎች፣ በሚቀጥለው የቅጥር ውላችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ሥራው የግል ስልክ የሚጠይቅ ከሆነ ጥቅሉን ማን እንደሚሞላ፣ ስልኩ በሥራ ላይ ቢሰበር ማን እንደሚያሠራ፣ ግሩፑ በስንት ሰዓት ዝም እንደሚል፣ አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ለማን እንደሚደወልና የትርፍ ሰዓቱ እንዴት እንደሚያዝ ጻፉበት። የስልክ አበሉንም ከማዕረግ አውጥታችሁ ለሚሠራበት ሰው ስጡ። እናንተም ልጆች፣ የተሰጣችሁ ውል ላይ ስለ ስልካችሁ የተጻፈ ነገር ካጣችሁ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ባለሁበት ጠረጴዛ ይህን በመጠየቁ ሥራ የተከለከለ የለም።