ሁለት ልጆች ሲጣሉ ሌላው ለምን ይጠራል?

በረመዳን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ መግሪብ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ሆድ ባዶ፣ ጉሮሮ ደረቅ፣ ትዕግሥትም አጭር ይሆናል። በኑር (በኒ) መስጂድ አካባቢ ለኢፍጣር ቴምርና ሳምቡሳ የምንገዛ የፒያሳና የአራዳ ወላጆች በዚህ ሰዓት የሚያሳስበን ነገር አለ፤ የተማሪዎች የቡድን ጸብ።

የቡድን ጸብ ብዙ ጊዜ በቡድን አይጀምርም። ሁለት ልጆች በኳስ፣ በመቀመጫ ወይም ስልክ ላይ በተጻፈ ስድብ ይጋጫሉ። ከዚያ አንዱ «ጓደኛችን ተመታ» ብሎ በቴሌግራም ይለቃል። ማታ በር ላይ ከሚሰበሰቡት ብዙዎቹ የጸቡን መነሻ እንኳ አያውቁም፤ የመጡት ጓደኛ ላለመክዳት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ባለጌ» ብንለው አይሰማንም፤ እሱ ራሱን የሚያየው እንደ ታማኝ ነው።

ይህ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ገጥሟል። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንዱ ከሙሃጂሮች ሌላው ከአንሷሮች የሆኑ ሁለት ልጆች ተጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ከኋላው መታው። ወዲያው እያንዳንዱ ወገኑን ለእርዳታ ተጣራ። ነቢዩ ወጥተው ይህ የጃሂሊያ ጥሪ ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ነገሩ የሁለት ልጆች ጸብ መሆኑ ሲነገራቸው፣ ሰው ወንድሙን በዳይም ሆነ ተበዳይ ይርዳ፣ በዳዩን መርዳት ግን ከበደሉ መከልከል ነው ብለው አስተማሩ። ልብ እንበል፤ ወገንን መርዳትን አልከለከሉም። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል። ጓደኛህን ተወው አንለውም፤ እጁን ያዝለት እንለዋለን።

ጥሪው ከጓደኝነት አልፎ ብሔርና ሃይማኖት ሲነካ ምን እንደሚመጣ ከተማችን አይታለች። በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀልና መዝሙር መዘመር ባስነሣው ውዝግብ ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ተጎዱ፣ የታሰሩም ነበሩ፣ ትምህርትም ተስተጓጎለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር መግለጫ አወጣ። ክርክሩ የአዋቂዎች ነበር። እራት ላይ ስለ ሌላው ወገን የምንወረውረውን ቃል ልጆች ጠዋት ይዘውት ይወጣሉና።

ዱሮ ፒያሳ ድንጋይ ያነሣን ልጅ የትኛዋም እናት «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ታስቆመው ነበር፤ ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን ማንም አይጠይቅም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደርና ለመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤትም ተበተነ። ያ ዓይን ሳስቷል።

ስለዚህ የልጃችንን የቅርብ ጓደኞች እናቶች ስልክ መያዝ ቀላል ነገር አይምሰለን። «ዛሬ በር ላይ ሊደባደቡ ነው» የሚለው ወሬ ቀድሞ የሚደርሰን በዚህ ነው። ልጁ አሳባቂ እንዳይባል ይፈራል፤ ስሙን ሳናነሣ ለዩኒት ሊደሩ መደወል እንችላለን። የተጣሉትን ሁለቱን ደግሞ ከነወላጆቻቸው ለኢፍጣር እንጥራቸው። አንዱ የክርስቲያን ልጅ ከሆነና ዐቢይ ጾም ከገባም ችግር የለም፤ የምስር ሳምቡሳ ከገበታችን አይጠፋም።