ተጨማሪ መረጃ፦ ጡት መግል ሲቋጥር

የምታጠባ እናት ጡት ወተት ሲሞላ ይወጠራል፣ ያማል፤ ሕፃኑ ሲጠባ ወይም ወተቱ ሲታለብ ግን ቀለል ይላል። መግል የቋጠረ ጡት እንዲህ አይደለም። ሕፃኑ ጠግቦ ከተኛም በኋላ እብጠቱ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል፣ ሲነኩት ይፋጃል፣ ይጠዘጥዛል። ቆይቶ መሃሉ ይለሰልስና በጣት ሲጫኑት ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ያስታውቃል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ብብት ሥር የሚወጣ ንፍፊትም አብረው ሊመጡ ይችላሉ። በመጻሕፍት «ቆዳው ይቀላል» የሚል ይበዛል፤ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይለይ ስለሚችል ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ በተሰነጠቀ የጡት ጫፍ የሚገባ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። መግሉ አንዴ ከተቋጠረ አንቲባዮቲክ ብቻውን እምብዛም አይበቃውም፤ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይመጠጣል ወይም ተበጥቶ ይወጣል። ይህ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ መውጋትም ሆነ በኃይል ማሸት ጉዳቱን ያብሳል።

ሕክምናው ከዘገየ መግሉ ቆዳውን በስቶ ሊፈስ፣ ወተት የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ሊተው፣ ባስ ሲልም ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊዛመት ይችላል። ማጥባትን በድንገት ማቆም ደግሞ ወተቱን ስለሚያከማች ነገሩን ያባብሰዋል፤ በደህናው ጡት ማጥባቱ ይቀጥላል፣ የታመመውም ቢያንስ ይታለባል። የማታጠባ ሴትም ልትያዝ ትችላለች፣ በተለይ የምታጨስ ከሆነች። በሕክምና አልጠፋ ያለ እብጠት ካለ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ካንሰር አለመሆኑን ያረጋግጣል።