የሳንሱር መቀስና የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል

ዓይናቸው የሰፋ፥ ፀጉራቸው የተንጨባረረ ሰዎች የሚታዩበትን፥ ልጆች ከፊቱ ተነሡ ሲባሉ የሚያኰርፉበትን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የማያውቅ ቤተ ሰብ ዛሬ ጥቂት ነው። አገሩ ጃፓን ነው፤ ጃፓኖችም ባጭሩ «አኒሜ» ይሉታል። ወላጆች ስለዚህ ነገር ዘወትር የሚጠይቁት፥ ለልጄ ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል፥ ክፉውን የሚከለክልስ የለም ወይ፥ እያሉ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከልካይ ይኑር ከማለታችን በፊት፥ በዚያ አገር መቀሱን እነማን ይዘውት እንደ ነበረና ምን እንደ ቈረጡበት መመልከት ይበጃል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሕግ እስከ ፈቀደው ወሰን ድረስ ብቻ ነው። ይህ አነጋገር ለኛም እንግዳ አይደለም፤ በኛ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁ አብነት ያደረጉት ይህንኑ የጃፓኑን ነበርና። እንግዲህ ወሰኑን የሚያሰፋውም የሚያጠብበውም ሕግ አውጪው ከሆነ፥ ነጻነቱ በእርሱ እጅ ነው ማለት ነው። በ1939 በጃፓን የፊልም ሕግ ወጣና፥ የፊልም ድርሰት ቀረጻው ሳይጀመር አስቀድሞ ለመንግሥት መርማሪ እንዲቀርብ ታዘዘ። መቀሱ ፊልሙን መቍረጥ ትቶ ገና ያልተሠራውን አሳብ መቍረጥ ጀመረ።

ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ከመከልከል አልፎ ራሱ አሠሪ ሆነ። ሚትሱዮ ሴኦ የተባለ አዘጋጅ በ1943 የፐርል ሀርበርን ድብደባ የሚያወድስ የ37 ደቂቃ ፊልም ከሠራ በኋላ፥ በሾቺኩ ኩባንያ «ሞሞታሮ፥ የባሕር መለኮታውያን ጭፍሮች» የተባለውን 74 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አቀረበ። ጃፓን የሠራችው የመጀመሪያው ረዥም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይህ ነው። ሞሞታሮ ከኮክ ፍሬ የተወለደ፥ ውሻን፥ ጦጣንና የዱር ወፍን አስከትሎ ጭራቆችን የወጋ የጥንት ተረት ልጅ ነው። በፊልሙ ጭራቆቹ እንግሊዞች ሆኑ፤ ጭፍሮቹም የመርከበኛ ልብስ የለበሱ አራዊት።

ከዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ትርኢት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ ይገባዋል። መርከበኞቹ በደቡብ ባሕር ደሴት የሚኖሩትን አራዊት ሰብስበው ፊደል ሊያስተምሯቸው ይጥራሉ። አራዊቱ ይንጫጫሉ፤ ትምህርቱም ይበላሻል። ከዚያ በኋላ በዜማ «አ፥ ኢ፥ ኡ፥ ኤ፥ ኦ» እየተባለ ሲጀመር ሁሉም እየተቀበሉ ያዜማሉ፤ ሥራውም በደስታ ይቀናል። ሕፃናትን በዜማ ፊደል ያስቈጠረ መምህር ሁሉ ይህን አይቶ ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነውና። ነገር ግን የሚዘመረው መዝሙር የገዢው ቋንቋ ነው፤ የሚሠራውም ሥራ የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ነው። በፊልሙ ፍጻሜ በአገር ቤት የቀሩት ትንንሾች መሬት ላይ በተሣለው የአሜሪካ ካርታ ላይ ከዛፍ እየዘለሉ ይወርዳሉ። እነሆ፥ በዚህ ፊልም ነውረኛ ነገር የለም፤ ስድብም የለም፤ ማንኛውም ጥንቁቅ መርማሪ የሚቈርጥለት አንዳች አላገኘበትም። ሕፃናትን ለጦርነት ከማዘጋጀት የበለጠ ጕዳት ግን ምን አለ?

ፊልሙ የወጣው በአፕሪል 1945 ነው። በዚያን ጊዜ ከተሞቹ እየተቃጠሉ፥ ልጆቹም ወደ ገጠር ተሰደው ስለ ነበረ ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ ኦሳካ ላይ የተመለከተው የ16 ዓመቱ ኦሳሙ ቴዙካ ነበር። ቴዙካ በፕሮፓጋንዳው ሥር ተሰውሮ የነበረውን የሕፃንነት ሕልም አይቶ አለቀሰ፤ አንድ ቀን እኔም እንዲህ ያለውን እሠራለሁ ሲል ቈረጠ። ሠራም፤ «ኃያሉ አቶም» የተባለው ሥራው ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1963 ጀምሮ በቴሌቪዥን ታየ። የዛሬው አኒሜ ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። ሆኖም ይኸው ሰው በ1955 ገደማ የወላጆችና የመምህራን ማኅበሮች መጥፎ መጻሕፍትን እናጥፋ ብለው በተነሡ ጊዜ ሥራዎቹ ከተነቀፉት መካከል ነበረ። እኛ መምህራን ለመንቀፍ ፈጣኖች ነን።

ጃፓን በኦገስት 1945 እጅዋን ከሰጠች በኋላ መቀሱ ወደ አሜሪካውያን እጅ ተሻገረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለፊልም ሠሪዎች 13 ክልክል ነገሮች ተዘረዘሩላቸው፤ የጦር ውዳሴ፥ የበቀል ታሪክ፥ ለጌታ እስከ ሞት መታመን የመሰለው ሁሉ በዚያ ይገኝበት ነበር። የሚያስገርመው፥ ሳንሱር መኖሩን በጋዜጣ መግለጥም ራሱ በሳንሱር የተከለከለ መሆኑ ነው። በሜይ 3 ቀን 1947 የጸናው አዲሱ ሕገ መንግሥት ግን በ21ኛው አንቀጽ ሳንሱርን ፈጽሞ ከለከለ። ሕጉ በወረቀት ሳንሱርን ሲሽር የወረራው ጦር መርማሪዎች ገና በየቢሮአቸው ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጃፓን ለፊልም የመንግሥት ቅድመ ምርመራ የለም። በምትኩ የፊልም ሠሪዎች በ1949 ኤይሪን የተባለ የራሳቸውን መርማሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1955 ሺንታሮ ኢሺሐራ የተባለ ገና ተማሪ የነበረ ወጣት «የፀሐይ ወቅት» የሚል፥ ስለ ባለጠጋ ልጆች ልቅ ኑሮ የሚተርክ ልብ ወለድ ጻፈ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ፊልም ሲለወጥ እናቶችና መምህራን ጮኹ፤ በጩኸቱም ምክንያት ኤይሪን ከፊልም ነጋዴዎች እጅ ወጥቶ የውጭ ሰዎች የሚገኙበት ኮሚቴ ሆነ። ዛሬ ኮሚቴው ፊልሞችን በዕድሜ ይለያል፤ ለሁሉ የተፈቀደ፥ ከ12 ዓመት በታች ላሉ የወላጅ ምክር የሚያሻው፥ ከ15 በታች ላሉ የማይፈቀድ፥ ከ18 በታች ላሉ የማይፈቀድ ተብሎ በአራት ይከፈላል። ይህ አሠራር ለኛ ሰው የሚገባ ነው። ዳዊት የሚደግም ልጅ ወደ ቅኔ ቤት አይገባም፤ ስለ እርሱ ብሎ ግን ቅኔ ቤቱን የሚዘጋ የለም። የኢሺሐራን ስም አንባቢ እንዳይረሳብኝ፤ እንመለስበታለን።

ሁሉም ክልከላ ሳንሱር አይደለም። በዲሴምበር 16 ቀን 1997 ምሽት ፖኬሞን የተባለው የልጆች ትርኢት ሲተላለፍ፥ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በአንድ ሰኮንድ 12 ጊዜ ያህል እየተፈራረቀ ብልጭ አለ። በየቤቱ ልጆች ይንቀጠቀጡ፥ ራሳቸውንም ይስቱ ጀመር፤ 685 ያህል ሰዎች፥ አብዛኞቹ ልጆች፥ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ትርኢቱ አራት ወር ቆመ፤ ያ ክፍል እንደ ገና አልታየም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም በ1998 የብልጭታን መጠን የሚወስን ደንብ አወጡ። ዛሬ ብዙው ትርኢት ሲጀምር፥ ክፍሉን አብርታችሁ ከመስኮቱ ርቃችሁ ተመልከቱ፥ የሚል ጽሑፍ የሚታየው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ደንብ ማንኛውንም ደራሲ አሳቡን እንዳይገልጥ አላገደውም፤ በጕድጓድ አፍ ላይ እንደሚሠራ አጥር ያለ ነው።

አከራካሪው ነገር የመጣው በ2010 ነው። የቶኪዮ አስተዳደር የወጣቶችን ደንብ ለማሻሻል ሲነሣ፥ በሥዕል የተፈጠሩ ልጆችን «በሕይወት የሌሉ ወጣቶች» ብሎ ሰየመና እነርሱን በነውር የሚያሳዩ ሥራዎች ለወጣቶች እንዳይሸጡ አሳብ አቀረበ። ቴትሱያ ቺባንና ኬይኮ ታኬሚያን የመሰሉ የታወቁ ሠዓሊዎች ተቃወሙ፤ ረቂቁም በጁን ወድቆ፥ ቃሉ ተለውጦ በዲሴምበር ጸደቀ። ዐሥር ታላላቅ አሳታሚዎች ተቈጥተው በ2011 ከሚደረገው የቶኪዮ የአኒሜ ትርኢት እንደማይገኙ አስታወቁ፤ ትርኢቱ ግን በማርች በደረሰው የመሬት መናወጥ ምክንያት ጭራሹን ቀረ። በዚያን ጊዜ የቶኪዮ ገዢ የነበረው ማን ነው ቢሉ፥ ያው በወጣትነቱ በጻፈው መጽሐፍ እናቶችን ያስጮኸው ሺንታሮ ኢሺሐራ ነው። ሽምግልና ሰውን ይለውጣል እንበል፤ ወይም መቀሱን የያዘ እጅ ብዕር መያዙን ይረሳል።

በዚህ ክርክር እኔ ግማሽ በግማሽ አልቆምም። ነውረኛውን መጽሐፍ ልጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ማኖር የወላጅ መብት ነው፤ ደንቡም የተናገረው ስለ ሽያጩ እንጂ ስለ መሣሉ አልነበረም። ሠዓሊዎቹ የፈሩት ግን ከንቱ አልነበረም። ያለ አግባብ የሚያወድስ ወይም የሚያጋንን ሥራ ሲባል፥ አግባቡን የሚለካው ማን ነው? መለኪያው ካልታወቀ አሳታሚው ከመቀጣት ይልቅ አስቀድሞ መተውን ይመርጣል፤ ደራሲውም ገና ብዕሩን ሳያነሣ ራሱን ይቈርጣል። የ1939ኙ መርማሪ ይህን ያህል አልተሳካለትም።

ገንዘብም መቀስ አለው። «ጋንዳም» የተባለው ሥራ በ1979 ሲጀመር 52 ክፍል ሊሆን ታስቦ ነበር፤ የአሻንጕሊት ነጋዴው ገበያ ስላላማረ በ43 ተቋጨ። የውጭ ገዢም ይቈርጣል፤ የሐያኦ ሚያዛኪ «ናውሲካ» በ1985 በአሜሪካ ሲወጣ ከ20 ደቂቃ በላይ ተቀንሶለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮው አንድም ትርኢት አይቈረጥም የሚል ውል ካልተፈረመለት አይሸጥም። የቻይና መንግሥትም በ2015 በአንድ ጊዜ 38 ሥራዎችን ከለከለ።

አሁን ግን ወደ ሂሮሺማ እንሂድ። ኬይጂ ናካዛዋ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱን፥ እኅቱንና ወንድሙን በዚያ ቀን አጣ። ያየውንም ከ1973 ጀምሮ «ባዶ እግሩ ጌን» በተባለ የሥዕል ታሪክ አወጣ፤ በ1983 ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሆነ። በፊልሙ የሰው ገላ ሲቀልጥ ይታያል። ለትንንሾች ይከብዳል፤ እኔም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን እንዲያየው አልፈቅድም። ነገር ግን የማትሱኤ ከተማ የትምህርት ቦርድ በዲሴምበር 2012 መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ከመደርደሪያ ወጥቶ በዝግ ክፍል እንዲቀመጥ ያዘዘው፥ የጃፓን ወታደሮች የፈጸሙትን ግፍ የሚያሳየው ክፍል ከባድ ነው በሚል ምክንያት ነበር። ናካዛዋ በዚያው ወር ዐረፈ። ነገሩ በበጋ ሲገለጥ ብዙ ሰው ስለ ተቃወመ ትእዛዙ በኦገስት 2013 ተሻረ።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ2023 ደግሞ የሂሮሺማ ከተማ ራስዋ ጌንን ከሰላም ትምህርት መጽሐፍዋ አወጣች። በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ቃጠሎውም ግፉም አልነበረም። ከወጡት ገጾች በአንዱ ጌን በምግብ እጦት ለደከመችው ነፍሰ ጡር እናቱ ሲል ከሰው ኩሬ ዓሣ ይሰርቃል። ይህን ልጆች ሊረዱት ያስቸግራቸዋል ተባለ። በየክፍሉ ሰባትና ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው፥ ልጅ ሳይነገረው የሚገባውን ነገር ቍጠር ቢሉት፥ የተራበች እናትን መጀመሪያ ይቈጥራል።