የልጅን ፈረስ ስቦ ስለ መጓዝ

ፈረስ ባለበት አገር የተወለደ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው አባቱ በተቀመጠበት ኮርቻ ላይ መቀመጥን ነው። አባትም ልጁን ጥቂት ዘመን በራሱ ፈረስ ላይ አፈናጦ ከወሰደው በኋላ፣ ልጁ ለብቻው የሚቀመጥበትን ትንሽ ፈረስ መጠየቁ አይቀርም። ልጁ በራሱ ኀይል ለመጋለብ እስኪበቃ ድረስ በመካከል ያለው ጊዜ የሚያልፈው፣ አባት በፈረሱ ተቀምጦ የልጁን ፈረስ በገመድ እየሳበ በመምራት ነው። ይህን ሥራ ብዙ ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ይቈጥሩታል። ዳሩ ግን በአንድ እጅ የራስን ፈረስ፣ በሌላው እጅ የልጅን ሕይወት መያዝ ስለ ሆነ፣ ሥርዓቱን አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ መሆኑን ለክቡራን አንባብያን ልናሳስብ እንወዳለን።

ስለዚህ ነገር ለመናገር ከግሽ ዓባይ አገር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ግሽ ዓባይ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን በሰከላ ወረዳ የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የእስፓንያ ሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ምንጩን ለማየት መጥተዋል። ከዚህ የሚነሣው ወንዝ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ከጣና የሚወጣው ግን ታላቁ ዓባይ ነው። ታላቁም ታናሹም እየተያያዙ የሚሄዱበት አገር ስለ ሆነ፣ ስለ ልጅና ስለ አባት ጕዞ ለመናገር የተመቸ ነው።

ፈረስን ስቦ መጓዝ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ጦረኛ ረዥሙን መንገድ በበቅሎ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ፈረሱ ግን ለውጊያ ጊዜ እንዳይደክም ባዶውን እየተሳበ ይከተላል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ቢባልም፣ መኳንንቱ ፈረሳቸውን እጅግ ከማክበራቸው የተነሣ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው ይህን ያስረዳል። በግሽ ዓባይ ጐረቤት በአዊ አገርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች እያሰበ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። እንዲህ ያለው ሙያ የሚጸናው ልጆች በደኅና ሲማሩት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የወደቀና የፈራ ልጅ ግን ወደ ፈረስ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የፈረሶቹን ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል። አባት የሚቀመጥበት ፈረስ በዕድሜ የበሰለ፣ የማይራገጥ፣ በአንድ እጅ ዛብ የሚታዘዝ ይሁን። የልጁም ፈረስ ከቁመቱ ማነስ ይልቅ በትዕግሥቱ ይመረጥ። ሁለቱ ፈረሶች አስቀድመው በአንድ መስክ ተሰማርተው ይላመዱ። ከዚህ በኋላ ትንሹ ፈረስ ያለ ልጅ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ ለጥቂት ቀን ይሳብ። ይህ ከተሳካ በኋላ ልጁ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያም በታጠረ ግቢ ውስጥ ሌላ ሰው በእግሩ በልጁ አጠገብ ይሂድ።

የሚሳብበት ገመድ ከልጓሙ ብረት ጋር ሳይሆን፣ ከፈረሱ ራስ ማሰሪያ ጋር ይታሰር። በብረቱ ላይ ከታሰረ የፈረሱ አፍ ይቈስላል፤ የቈሰለም ፈረስ ራሱን እየወረወረ ልጁን ይጥላል። የጉግስ ተጫዋች ዛቡን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ዘንግ እንደሚወረውር፣ አባትም የራሱን ዛብ በግራ፣ የልጁን ገመድ በቀኝ ይያዝ። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ወይም በኮርቻ ላይ መቋጠር ፈጽሞ አይገባም። አንዱ ፈረስ ቢደነግጥ ሁለቱም ተያይዘው ይወድቃሉና። የተረፈው ገመድ ተደራርቦ በመዳፍ ውስጥ ይያዝ።

የልጁ ፈረስ ራስ ከአባቱ ጕልበት አጠገብ ይሁን። ወደ ፊት ካለፈ የአባቱን ፈረስ መንገድ ይዘጋል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ የርግጫ ስፍራ ውስጥ ይገባል። ፈረሱ አልሄድም ብሎ ቢቆም በኀይል መጎተት አይጠቅምም፤ የራስን ፈረስ ቀስ አድርጎ በሰፊው አዙሮ መመለስ ይሻላል። ልጁ በእርምጃ ሳይለማመድ ወደ ሶምሶማ መሸጋገር አይገባም፤ ግልቢያ ግን በመሳብ ላይ ሳሉ የሚታሰብ አይደለም።

ልጁንም በኮርቻው ላይ በገመድ ማሰር ክፉ ልማድ ነው፤ ፈረሱ ቢወድቅ ልጁ ከሥሩ ይቀራልና። የአገራችን ኮርቻ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ልጁ የፊተኛውን እንጨት ወይም ጋማውን ይያዝ። የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጥንታዊ እርካብ ለለመደ ሰው መልካም ቢሆንም፣ ለጀማሪ ሕፃን እግሩ ሳይያዝ በቀላሉ የሚወጣበት እርካብ ይመረጥ። ዛሬ ሐኪሞች ራስን ከጉዳት የሚከላከል ጠንካራ ቆብ እንዲደረግ ስለሚመክሩ፣ ይህን ማድረግ ፍርሃት ሳይሆን ብልኀት ነው።

መንገዱንም መምረጥ የአባት ፈንታ ነው። በግሽ ዓባይ አካባቢ ረግረግ ስላለ፣ ሳሩ ለምለም ሆኖ ቢታይም ከሥሩ መሬቱ የሚዋጥበት ስፍራ ይገኛል። ቍልቍለትና ወንዝ ሲደርሱ ልጁን አውርዶ ማሻገር ይሻላል፤ በክረምት የሞላ ወንዝ ግን ከነልጅ አይሞከርም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአባት ትዕግሥት ነው። ልጁ «አባባ፣ ፈራሁ» ሲል «የወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ የሚገሥጽ አባት፣ ልጁ ፍርሃቱን እንዲደብቅ ያስተምረዋል እንጂ አያጀግነውም። ፍርሃቱን የደበቀም ልጅ አደጋ ሲመጣ አይናገርም። ይልቁንስ «አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ» ብሎ ፈረሱን ማቆም፣ ልጁም ሲደክመው ሳያሳፍሩ ማውረድ ይገባል። ለሴት ልጅም ሥርዓቱ ያው አንድ ነው።

ገመዱ የሚፈታበት ቀን የሚታወቀው በልጁ ዕድሜ ወይም በጎረቤት ፉክክር አይደለም። ልጁ ሳይነገረው ፈረሱን አቁሞ፣ አዙሮና ወርዶ በተመለሰ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አባት ገመዱን ፈትቶ ለጥቂት ወራት በአጠገቡ እየሄደ ይጠብቀው፤ ከዚያም ወዲያ መንገዱን ለልጁ ይልቀቅለት።