ልጅ ከቤት ርቆ የሚማረው፦ የበጋ ካምፕና የሕይወት ክህሎት

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት ሲዘጉ፣ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ልጆቹ የሚቀጥሉትን አሥር ሳምንታት የት ያሳልፉ? አባትና እናት ሥራ ላይ ናቸው። አያት ያሉት አገር ቤት ነው። ጎረቤቱ በስም እንኳ አይታወቅም። በዚህ መካከል ልጁ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ በሐይቅ ዳር፣ በጫካ ውስጥ፣ ለአንድ ሳምንት የሚቆይ ካምፕ መኖሩን የሚገልጽ ወረቀት። የክፍል ጓደኞቹ ይሄዳሉ፤ እርሱም መሄድ ይፈልጋል።

የወላጅ የመጀመሪያ ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ ነው። ከማን ጋር ያድራል? ምን ይበላል? ሌሊት ቢያመውስ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስም ሊያገኙ ይገባል። ይሁን እንጂ ካምፕ ለልጅ የሚሰጠው ዋና ነገር ዋናም፣ ቀዘፋም፣ ቀስት መወርወርም አይደለም። ዋናው ነገር ልጁ ለጥቂት ቀናት ከወላጆቹ ዐይን ርቆ፣ በታመኑ ሰዎች ጥበቃ ሥር፣ ራሱን ማስተዳደርን መለማመዱ ነው። ወላጅን የሚያስጨንቀውና ልጁን የሚጠቅመው አንድ ነገር መሆኑ ውሳኔውን ከባድ ያደርገዋል።

ልማዱ ከየት መጣ?

በአሜሪካ የመጀመሪያው የተደራጀ የልጆች ካምፕ ተደርጎ የሚጠቀሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 በኮኔቲከት ግዛት የተካሄደው ነው። ዘመኑ የእርስ በርስ ጦርነቱ የፈነዳበት ነበር። የትምህርት ቤት ባለቤት የነበሩት ፍሬድሪክ ጋን፣ እንደ ወታደር በድንኳን ማደር የጓጉ ተማሪዎቻቸውን ከባለቤታቸው ከአቢጌል ጋር ሆነው ይዘው ወጡ። ልጆቹ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ባሕር ዳርቻ ደረሱ፤ በዚያም ሁለት ሳምንት ዓሣ እያጠመዱና በጀልባ እየቀዘፉ ቆዩ።

በ1885 ሰምነር ዳድሊ የተባሉ ሰው ሰባት ወንድ ልጆችን ይዘው በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኝ ሐይቅ ዳር ሰፈሩ። ያ ካምፕ ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ በአገሪቱ ሳይቋረጡ ከቆዩት ካምፖች ሁሉ አንጋፋው ነው። የካምፕ ኃላፊዎች በ1910 የመሠረቱት ማኅበር ደግሞ ዛሬ የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር በመባል የሚታወቀው፣ የጥራትና የደኅንነት መመዘኛ የሚያወጣው ድርጅት ነው።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ልማድ ነበረ። በ1876 ኸርማን ቫልተር ቢዮን የተባሉ የዙሪክ ቄስ የድኻ ቤተሰብ ልጆችን ከተጨናነቀችው ከተማ አውጥተው ተራራማ ወደ ሆነው ወደ አፐንትሰል ወሰዱ። ሐሳቡ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። በአሜሪካ ዓላማው ልጁን በተፈጥሮ መካከል ማጠንከር ሲሆን፣ በአውሮፓ ደግሞ ንጹሕ አየርና በቂ ምግብ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ሁለቱም ግን ልጅ ከለመደው ቦታ ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር ሲኖር የሚያገኘው ትምህርት እንዳለ ተረድተዋል።

ካምፕ የሚያስተምረው እንዴት ነው?

በተለመደው የአዳር ካምፕ ልጆች እንደ ዕድሜያቸው ተመድበው፣ ስምንት ወይም አሥር ሆነው በአንድ የእንጨት ቤት ያድራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪዎች የሆኑ ወጣት መሪዎች አብረዋቸው ይኖራሉ። ጠዋት አልጋ ማንጠፍ፣ ቤት መጥረግ፣ የምግብ ጠረጴዛ ማሰናዳትና ማንሣት በተራ የሚደርስ ሥራ ነው። ተራው የደረሰው ልጅ ካልሠራ ጓደኞቹ ይጠብቃሉ፤ ቅሬታቸውንም ፊት ለፊት ይነግሩታል። እናት አሥር ጊዜ ተናግራ ያላስቻለችውን ነገር፣ የእኩዮች ዐይን በሦስት ቀን ሊያስችለው ይችላል።

ከእንቅስቃሴዎቹም ልጁ ራሱ የሚመርጣቸው አሉ። ምርጫው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት፣ የቤት ሥራና የወላጅ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ለሚወስኑለት ልጅ፣ መርጦ መጀመርና በመረጠው መጽናት አዲስ ልምምድ ነው። የመረጠው ነገር ቢከብደው ወይም ቢሰለቸው፣ ውጤቱን የሚሸከመው እርሱ ነው።

በውኃ ዳር ያለው ሥርዐት ይህን በግልጽ ያሳያል። ልጆች በመጀመሪያ ቀናት የዋና ችሎታቸው ይፈተናል፤ እንደ ችሎታቸውም የሚዋኙበት ክልል ይወሰናል። ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ፊሽካ ሲነፋ እያንዳንዱ የጥንዱን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሣል፤ ጥንዱ ያልተገኘ ልጅ ካለ ወዲያው ፍለጋ ይጀመራል። ጠባቂዎቹ ከዐይናቸው አይለዩአቸውም፤ ልጁ ግን ለሌላ ሰው ሕይወት ኃላፊነት መሸከም ምን እንደሆነ ይማራል።

በብዙ ካምፖች የእጅ ስልክ አይፈቀድም። በ2014 የታተመ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የዚህን ጥቅም ለመመዘን ሞክሯል። አምስት ቀን ያለ ምንም ስክሪን በተፈጥሮ ካምፕ የቆዩ 51 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ከቀጠሉ 54 እኩዮቻቸው ጋር ተነጻጸሩ። ካምፕ የቆዩት የሰውን ስሜት ከፊት ገጽታ የማንበብ ችሎታቸው ይበልጥ ተሻሽሎ ተገኘ። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ለውጡ ከስክሪን መራቅ ይሁን አብሮ ከመዋል የመጣ ለመለየትም ያስቸግራል። ቢሆንም ብዙ ወላጆች በቤታቸው የሚታዘቡትን ነገር ያጠናክራል።

ልጆችን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በኦክላሆማ 22 ወንድ ልጆችን በካምፕ ሰብስበው በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። ቡድኖቹ ለሽልማት እንዲወዳደሩ ሲደረግ ስድብ፣ ባንዲራ ማቃጠልና ጠብ ተከተለ። አብረው እንዲበሉና ፊልም እንዲያዩ ማድረግ ጠቡን አላበረደውም። ያበረደው፣ የውኃ መስመሩ ሲቋረጥ አብረው ችግሩን መፈለጋቸውና ቆመ የተባለውን መኪና አብረው በገመድ መጎተታቸው ነው። ልጆቹ የሙከራው አካል መሆናቸውን ባለማወቃቸው ጥናቱ በሥነ ምግባር ረገድ ይነቀፋል። ያም ሆኖ በጥሩና በመጥፎ ካምፕ መካከል ያለውን አንድ ልዩነት ያመለክታል፤ ጥሩ ካምፕ ልጆችን ከማፎካከር ይልቅ የጋራ ሥራ ይሰጣቸዋል።

ናፍቆት የውድቀት ምልክት አይደለም

ከቤት ርቆ የሚያድር ልጅ መናፈቁ አይቀርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2007 ባወጣው ጽሑፍ የቤት ናፍቆት የተለመደ መሆኑን ገልጾ፣ ወላጆች አስቀድመው ሊያደርጉ የሚችሉትን ዘርዝሯል። ልጁ በውሳኔው ይሳተፍ፤ ከካምፑ በፊት በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት ጥቂት ሌሊቶች አድሮ ይለማመድ፤ የሚቆይበት ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይታየው፤ ደብዳቤ መጻፊያ ወረቀትና ቴምብር ይያዝ።

ከምክሮቹ አንዱ ለብዙ ወላጆች የሚከብድ ነው፦ «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብሎ ቃል አለመግባት። ቃሉ በፍቅር የተነገረ ቢሆንም ልጁ የሚሰማው ሌላ ነው፤ ወላጄ እንደማልችለው ያምናል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ሲከብደው በጓደኞቹና በመሪዎቹ ከመጽናናት ይልቅ የመኪና ድምፅ መጠበቅ ይጀምራል። «አንተ ከሌለህ ቤቱ ባዶ ነው፤ እንዴት እችለዋለሁ?» የሚለው የስንብት ንግግርም የእናትን ጭንቀት በልጁ ትከሻ ላይ ይጭናል። «ትናፍቀናለህ፤ ግን እንደምትችል እናውቃለን» የሚለው ይሻላል።

ይህ ማለት ልጅ ቢሰቃይም ይቆይ ማለት አይደለም። የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት የሚሄድ ልጅ ካለ ወላጅና የካምፑ ኃላፊዎች ተነጋግረው መወሰን አለባቸው። አብዛኛው ናፍቆት ግን ቀስ በቀስ ይረግባል። የረገበለት ልጅ ደግሞ ማንም በቃል ሊያስተምረው የማይችለውን አንድ ነገር አውቆ ይመለሳል፤ ከባድ ስሜት መጥቶ እንደሚያልፍ።

ክረምት፣ ቡሄና ካምፕ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ በጋ የሆነው ሐምሌና ነሐሴ በኢትዮጵያ ክረምት ነው። ትምህርት ሲዘጋ ብዙ የከተማ ልጆች ወደ አያቶቻቸው አገር ይላኩ ነበር። እዚያም ከብት ጠብቀው፣ ውኃ ቀድተው፣ ከማያውቋቸው የአጎትና የአክስት ልጆች ጋር ተጣልተውና ታርቀው ይመለሳሉ። ስሙ ካምፕ አይባል እንጂ ሥራው ያው ነው።

በነሐሴ ወር የሚከበረው ቡሄም እንዲሁ ነው። የሰፈር ልጆች ቡድን ይመሠርታሉ፤ ድምፁ ያማረው ግጥም አውጪ፣ ሌሎቹ ተቀባዮች ይሆናሉ፤ የሚታመነው ገንዘብ ያዥ ይደረጋል። ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጃፉ ይዞራሉ፤ አንዱ ቤት ሙልሙል ሲሰጣቸው ሌላው በሩን ሳይከፍት ይቀራል። በመጨረሻ የተገኘውን ቁጭ ብለው ይካፈላሉ። መሪ መምረጥ፣ እምቢታን መቻልና በሐቅ መካፈል ያለ ታላቅ ሰው አመራር የሚፈጸሙ ናቸው። ውጭ አገር የሚያድግ ልጅ ያጣው እንዲህ ያለውን ሰፈር ነው። ካምፕ ሰፈርን አይተካም፤ ነገር ግን ልጆች ከልጆች የሚማሩበትን ቦታ በከፊል ይመልሳል።

ባህልን ማዕከል ያደረጉ ካምፖችም አሉ። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከማገዷ በፊት በርካታ ልጆች ወደ አሜሪካ ቤተሰቦች ሄደዋል። ለእነርሱ በሚዘጋጁ የባህል ካምፖች ልጆቹ ፊደል ይቆጥራሉ፤ እስክስታ ይማራሉ፤ እንጀራ በጋራ ይቆርሳሉ። ከሁሉም በላይ ግን ታሪኩ የእነርሱን የሚመስል ሌላ ልጅ ያገኛሉ።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

እምነት በጭፍን አይሰጥም። እ.አ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 ንጋት በቴክሳስ የጉዋዳሉፔ ወንዝ ሞልቶ ባደረሰው ጎርፍ፣ ወንዙ ዳር በነበረ የሴት ልጆች ካምፕ 27 ልጆችና መሪዎቻቸው ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ግዛቲቱ የካምፖችን የአደጋ ጊዜ ዝግጅትና ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ የሚሠሩ ማደሪያዎችን የሚመለከት ሕግ አጽድቃለች። ስለዚህ «ጎርፍ፣ እሳት ወይም መብረቅ ቢመጣ ልጆቹ በየት በኩል፣ በማን ትእዛዝ ይወጣሉ?» ብሎ መጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው።

ካምፑ የግዛቱ ፈቃድ ካስፈለገው ይኑረው፤ በአሜሪካ ካምፕ ማኅበር መመዘኑንም ማጣራት ይቻላል። የማኅበሩ መመዘኛ ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች በአዳር ካምፕ ለ8 ልጆች ቢያንስ አንድ መሪ እንዲኖር ይጠይቃል። የሠራተኞች የወንጀል ታሪክ መጣራቱ፣ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዐይን ተለይቶ እንዳይቀር የሚከለክል ደንብ መኖሩ፣ መድኃኒት የሚሰጠው ማን እንደሆነም መታወቅ አለበት። የጾም ምግብ፣ ሐላል ሥጋና የጸሎት ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢገለጽ ልጁ ብቻውን ከማስረዳት ይድናል።

ዋጋው ብዙዎችን ያስፈራል። ይሁንና ብዙ ካምፖች እንደ ገቢ መጠን የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ በኒው ዮርክ ፍሬሽ ኤር ፈንድ የተባለው ድርጅት ከ1877 ጀምሮ አነስተኛ ገቢ ያላቸውን የከተማዋን ልጆች በነፃ ከከተማ ያወጣል። በአሜሪካ የግብር ሕግ መሠረት ወላጆች ሥራ ላይ ሳሉ ዕድሜው ከ13 በታች የሆነ ልጅ የሚውልበት የቀን ካምፕ ወጪ ለልጅ እንክብካቤ በሚሰጠው የግብር ቅናሽ ሊታሰብ ይችላል፤ የአዳር ካምፕ ግን አይታሰብም። አዳሩ ለከበደው ቤተሰብ የቀን ካምፕ ጥሩ መነሻ ነው።

ልጁ ሲመለስ

ከካምፕ የሚመለስ ልጅ ቆሻሻ ልብስ የሞላ ሻንጣ፣ የማይታወቁ ዘፈኖችና የአዳዲስ ጓደኞች ስም ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ከእራት በኋላ ሳይታዘዝ ተነሥቶ ሳሕኑን ሊያነሣ ይችላል። በዚያች ቅጽበት እናት በፍቅር «ተወው የኔ ልጅ፣ ደክሞሃል» ብትል፣ በአንድ ሳምንት የተገኘው ልማድ በአንድ ምሽት ይሸረሸራል። ካምፑ የጀመረውን የሚፈጽመው ቤት ነው። ሳሕኑን እንዲያጥብ፣ አልጋውን እንዲያነጥፍ፣ ከእህቱ ጋር ሲጣላ መጀመሪያ ራሱ እንዲሞክር መተው፣ ልጁ ርቆ ሄዶ ያመጣውን መቀበል ነው።